ድመቷ ብታርመን ኖሮ

እኛ ዳባት አካባቢ ድመት የምትያዘው ለጎተራ ነው። «አታጥግቧት፣ ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። ውሮ እግራቸውን እየታከከች ስትጮህ ምን እንደፈለገችም አይጠፋቸውም። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፦ እንስሳን መረዳት ማለት ምን ማለት ነው? የምትለውን አውቀን ዝም ካልናት፣ ተረድተናታል ይባላል?

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ከቴክኖሎጂው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያውቶክ የሚባል መተግበሪያ ወጣ። ድመቷ ስትጮህ ስልካችሁን ታስጠጋላችሁ፤ እሱ ደግሞ ጩኸቷን በሰው ቋንቋ ይጽፍላችኋል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን ማሽን የሚማረው ትክክለኛው መልስ ከተነገረው ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ፕሮግራም ሲሳሳት «ኧረ እንደዛ አይባልም» የሚል ተናጋሪ አለ። እዚህ ግን ትርጉሙን የሚያርመው ባለቤቱ ነው። ድመቷ አቤት የምትልበት የለም።

ታዲያ ቋንቋ የሌለውን ፍጡር መረዳት አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል። ከደባርቅ በላይ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ተመራማሪዎች ከ2006 ጀምሮ ጭላዳዎችን ሲከታተሉ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ጥናት የሚነሳው ከመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ከድምፁ በፊት ምን ነበር፣ ከድምፁ በኋላስ ማን ምን አደረገ ከሚለው ነው። ቤት ውስጥ ያለችው ድመት ደግሞ ከጭላዳ ይልቅ ትቀለናለች። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው «ሚያው» የሚባባሉት ከስንት አንዴ ነው፤ ይህ ጩኸት በአብዛኛው ለእኛ የተዘጋጀ ነው። በ2009 የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን ማኮምብ እና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ድመቶች ምግብ ሲጠይቁ በሚያንጎራጉሩት ድምፅ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ የሚመስል ነገር ይጨምራሉ። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ያ ድምፅ አስቸኳይ እንደሆነ ተሰምቷቸዋል።

ስለዚህ ድመት የድርሻዋን ተወጥታለች። የሚቀረው የእኛ ነው። እኛ ግን ከትርጉሞቹ መካከል የሚቀለንን እንመርጣለን። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀኑን ሙሉ የተዘጋባት ድመት ማታ ስትጮህ «ናፍቄያት ነው» እንላለን። ዳባት ላይ የተራበችው ስትጮህ ደግሞ «አመሏ ነው»። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ብለን አስቀድመን ፈርደንባታል።

የገበሬው ጭንቀት ይገባኛል። ጎተራው ውስጥ ያለው ገብስ የልጆቹ የዓመት ቀለብ ነው፤ ድመቷን ያመጣት ለጨዋታ አይደለም። ግን ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም። የያዘችውን አይጥ ስትጫወትበት ቆይታ ሳትበላው ትታ ስትሄድ ያላየ ማን አለ?

ደግሞስ ረሃቧ ለአደኑ የግድ ነው እንበል። ያኔም «ርቧታል፤ እህሌን ስለምፈልግ ግን አልሰጣትም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «አልራባትም፣ አመሏ ነው» ማለት ሌላ። የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔ ነው፣ ግን እውነቱን አልነካም፤ የተናገረውም ሰው ነገ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ሁለተኛው ግን የድመቷን ቃል ነጥቆ የራሱን ይተካበታል። ከዚያ ወዲያ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ጥያቄው ራሱ ጠፍቷልና።

አፍ ላልፈታ ሕፃን፣ ሕመም አንደበቱን ለያዘው ሽማግሌም እንዲሁ እናስተረጉማለን። ሊያርመን ስለማይችል ፍጡር ስንናገር፣ የመረጥነው ትርጉም ለማን እንደሚመች መጀመሪያ እንጠይቅ። ለእኛ ብቻ የሚመች ከሆነ፣ እንደገና እናዳምጥ።