የምናዘጋጀው ለማን ነው?

መዝሙር ስናጠና፣ ትያትር ስናዘጋጅና ይህችን መጽሔት ስናባዛ «ለማን ነው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። «ለምእመናን» እንላለን። ነገር ግን ምእመናን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በትክል ድንጋይ ገበያ ብንቆም ፊደል የቆጠረውንም ያልቆጠረውንም፣ ዐይነ ስውሩንም፣ መስማት የተሳነውንም፣ አፉን በቅማንትኛ የፈታውን ሽማግሌም እናገኛለን።

አባቶቻችን ይህን አስበውበታል። ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በመሠረቷት በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓታችን ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን፣ ክፉው በጎን ሆኖ በአንድ ዐይን ይሣላል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ እረኛም ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ይለያል። የጎንደር ሊቃውንትም የመጽሐፉን ምሥጢር በአማርኛ አንድምታ አብራርተዋል።

«ለሁሉም ይስማማ ከተባለ ሥራው ይረክሳል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሆኖም አንድምታው የግእዙን ንባብ አልሻረም፤ ሰሚውን አበዛለት እንጂ። በር ማስፋት ቤት ማፍረስ አይደለም።

በእርግጥ አንድ ሥራ ብቻውን ለሁሉ አይደርስም። ሥዕል ለዐይነ ስውር፣ ዜማ መስማት ለተሳነው አይደርስም። ስለዚህ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሙላ፤ የተጻፈው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ፣ የሚዘመረው በምልክት ቋንቋ ይተርጐም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በብዙ ትያትር የባላገሩ አነጋገር፣ የዐይነ ስውሩ አረማመድ፣ የጎረቤቱ ቋንቋ መሣቂያ ይሆናል። ያ ሰው ከተመልካቹ መካከል ቢቀመጥ ምን ይሰማዋል? ሳይበድል በአንድ ዐይን ሣልነው ማለት አይደለምን? ሰውን ጠርቶ ማዋረድ ጨርሶ ካለመጥራት ይብሳል።

እንግዲህ ስለ ሌላው ከመጻፋችን በፊት ራሱን እንጠይቀው፤ ከተቻለም አብሮን ይሥራ። ያን ጊዜ ተመልካች ብቻ ሳይሆን የሥራው ባለቤት ይሆናል፤ እኛም «ለምእመናን ነው» ያልነው ቃል እውነት ይሆንልናል።