ወፍ የለም

የከተማ ልጅ «ብር አለህ?» ሲሉት «ወፍ የለም» ይላል። ሥራ ፍለጋ ውሎ የመጣውም ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፤ «ወፍ!»። ነገሩ ሲታሰብ ወፍ የመጨረሻዋ ኢምንት ናት ማለት ነው። እሷም ከሌለች በቃ፣ ባዶ ነው። አባባሉን እወደዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። «የለም» ከማለታችን በፊት ስንት ደቂቃ አይተናል?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የገባ መንገደኛ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ቢጠየቅ መልሱ ይታወቃል። ሙቀት፣ አቧራ፣ የጅቡቲ ቦቴ፣ ከዚያ ውጪ ወፍ የለም። የመንገዱ መነሻ አጠገብ ባለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ግን ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ፓርኩ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። አዋሽ ከተማ ውስጥ በግቢው አንድ ግራር ያለው ሰው ከቅርንጫፉ ጫፍ ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ የሣር ጎጆዎችና ቢጫ ወፎች አሉት። አብረዋቸው ደግሞ ደብዘዝ ያሉ፣ ድንቢጥ የሚመስሉ ይመላለሳሉ። ችኩል ዓይን «ሁለት ዓይነት ወፎች ናቸው» ብሎ ይፈርዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ቢጫው ሣር እየጎተተ ያሳስራል፤ ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጣራል። ደብዛዛዋ መጥታ ትገባለች፤ ትመረምራለች፤ ትወጣለች። ለካ ባልና ሚስት ኖረዋል! ሥራው ካልተወደደለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። (ቤት አከራዮቻችን ይህን ባይሰሙ ይሻላል።)

ወፍ መለየት የሚጀመረው ከስም አይደለም። ከርግብ ታንሳለች ወይስ ትበልጣለች? ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ትሰብራለች፤ ቀጭንና ቆልመም ያለ ከሆነ አበባ ትቀስማለች። መሬት ላይ ስትሄድ ትዘላለች ወይስ ትራመዳለች? ይህን በደብተር ጽፎ በማግስቱ እዚያው ቦታ መቀመጥ ነው። መጽሐፍ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። በወፍ በረር የታየች ወፍ አትታወቅም።

«ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ወፍ መቁጠር የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አባባሉ ውስጥ እውነት አለ። ግን ዓይናችን ደካማ ሆኖ አይደለም። ገበሬያችን በሬውን ቦራ፣ ዳለቻ፣ ወይኖ፣ ጉራቻ እያለ ይለያል። የአፋር አርብቶ አደር የራሱን ግመል ከመንጋ መሐል ነጥሎ ያውቃል። የሚጠቅመንን አጥርተን እናያለን፤ የማይጠቅመንን «ወፍ» ብለን እናልፋለን። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በቅጡ የመታየት መብት ያለው የሚጠቅመን ነገር ብቻ ነው?

አይመስለኝም። «የለም» እና «ያው ነው» ፍርድ ናቸውና። ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ፣ ተከሳሹ ወፍ ቢሆንም፣ ያው ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከሸዋ ምድር ጥቂት ናሙናዎቿ ወደ አውሮፓ የተወሰዱ አንዲት ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች። ጣሊያናዊው ሊቅ ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1888 ራሷን የቻለች ዓይነት ናት ብሎ ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ወደ አገሯ ሄዶ ያያት አልተገኘም። የኋላ ባለሙያዎች የደረቀውን ናሙና እያገላበጡ «ይቺ ራሷን የቻለች አይደለችም፤ የሁለት ጎረቤት ወፎች ዲቃላ ናት» አሉ። ዲቃላ! ቃሉ በእኛ አገር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ከአንኮበር ወደ አፋር በሚወርደው ቁልቁለት እንደገና ተገኘች። ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ወፍ ተብላ ተመዝግባለች፤ ከፈንታሌ ተራራ ላይም ትታያለች። ፈንታሌን እንኳ ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው በ2017 ዓ.ም. ሲያንቀጠቅጠን ነው።

ይህ ለወፍ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ለምሳ 20 ደቂቃ ይቆማል፤ መንገደኛው ጥብስ እየጠበቀ «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው» ብሎ ስለ አንድ ሕዝብ ይደመድማል። በ20 ደቂቃ የግቢ ወፍ እንኳ አይለይም።

ከሰመራ ሎግያ አካባቢ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ አመሻሽ የሚሰፍሩትን እንውሰድ። መንገደኛው ቀና ብሎ ካየ «ጥንብ አንሳ» ይላል፤ ቃሉ ስድብ ስለሆነ ዓይኑን ቶሎ ያነሣል። ከነዚህ መካከል ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያላቸው አሉ፤ ከጎናቸው ደግሞ ጥቁር ቡናማ የሆኑ። እነዚህም ሁለት ዓይነት ይመስላሉ፤ ግን ወላጅና ልጅ ናቸው። ቡናማው ነጭ እስኪሆን አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከነጮቹ ብዙዎቹ ከቱርክና ከካውካሰስ ቀይ ባሕርን ዞረው ወይም ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ዝርያው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ነው። የአፋር ሜዳ ከትልልቅ የክረምት ማረፊያዎቹ አንዱ ነው። ክረምት ስል የእነሱን ነው፤ የእኛን በጋ።

አንዳንዱ ተከራካሪ እዚህ ላይ ጥቅማቸውን እንድቆጥር ይፈልጋል። ጥቅምስ አላቸው፤ በህንድ ጥንብ አንሶች በ1990ዎቹ ባለቁ ጊዜ በድኑን የወረሰው የባዘነ ውሻ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮት ጨመረ። ግን በጥቅም ብቻ የተጠበቀ ነገር ጥቅሙ ያበቃ ዕለት ጠባቂ የለውም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ባልከራከር እመርጣለሁ።

በጥር አመሻሽ ሎግያ የሚያድር ሰው ነጮቹንና ቡናማዎቹን ለየብቻ ይቁጠር። በመጋቢት ነጮቹ ወደ ሰሜን መነሣት ይጀምራሉ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ገና የመመለሻ ዕድሜያቸው አልደረሰምና ይቀራሉ፤ በሰኔ የሚያልፍ ሰው ከምሰሶው ላይ የሚያገኘው በአብዛኛው እነሱን ነው።