ስም ማጥፋት

«ስም ማጥፋት» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን ሐሜት ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ቃል በቃል የሰው ስም አጥፍቻለሁ። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ገጹ ንጹህ እንዲሆን ብዬ ነው።

እህቴ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለች። የትምህርት ቤቷ ቤተ ሙከራ ከስሙ በቀር ብዙ ነገር የለውም። ስለዚህ እንደ ብዙ መምህራን ከኢንተርኔት ትለቅማለች፤ ከቴሌግራም ወርክሺት፣ ከካን አካዳሚ ቪዲዮ፣ ከፌት ደግሞ ተማሪው ባትሪና አምፖል ስክሪን ላይ እያገናኘ የሚሞክርበት ሲሙሌሽን። ፌትን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን ነው። ሲሙሌሽኑ በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እህቴ ይሄን ሁሉ በራሷ ዳታ እያወረደች ለሌሎች መምህራን ታካፍላለች። ማንም አይከፍላትም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና «ፋይሎቹን ላስተካክልልሽ» አልኳት። አርባ የሚሆኑ ወርክሺቶችን አንድ መልክ አስያዝኳቸው። ከገጹ ግርጌ የነበረውን የአዘጋጁን ስምና የቻናሉን አድራሻ ግን እንደ ቆሻሻ ቆጥሬ ጠረግኩት። አማረ። እሷ አካፈለች፤ የደረሳቸውም አካፈሉ።

ከሳምንታት በኋላ ደወለችልኝ። በአንዱ ወርክሺት ላይ ባለ 6 ኦምና ባለ 3 ኦም ሬዚስተሮች በፓራለል ሲገናኙ ውጤቱ 9 ኦም ነው ይላል መልሱ። 9 የሚሆነው ግን በሲሪየስ ሲገናኙ ነው፤ በፓራለል 2 ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ያለ መምህር በዚያ መልስ አርሞ፣ 2 ብላ የጻፈች ልጅ ኤክስ ተደርጎባታል።

«ይሄን ማነው የሠራው? እንንገረውና ያስተካክለው» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ፎርዋርድ ሲደረግ ከየት እንደመጣ ከላይ ይታያል። አውርደው እንደ አዲስ ሲጭኑት ግን ዱካው ይጠፋል። ፍለጋ ገባሁ። ያው ወርክሺት አምስት ቻናል ላይ ተገኘ፤ አምስቱም የየራሳቸውን ማኅተም መትተውበታል። ስሙ የነበረበትን ፋይል ደግሞ ቦታ እንዳይይዝብኝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ።

የሚያሳፍረኝ፣ በሥራዬ ይሄን አላደርግም። ኤም አይ ቲ በሚባለው ፈቃድ የተለቀቀ ኮድ መጠቀም፣ መቀየር፣ መሸጥም ይቻላል። የሚጠየቀው የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ከኮዱ ጋር ማቆየት ብቻ ነው። ለማላውቀው ፈረንጅ የማደርገውን ለአገሬ መምህር ነፈግኩት።

ይሄን ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ዳቦ ስትበላ የጋጋሪውን ስም ትጠይቃለህ? ተማሪው እስከተማረ ድረስ ምን ቸገረህ?» ነገሩ ቀላል ክርክር አይደለም። ብዙ መምህራን ራሳቸው ስማቸውን የማይጽፉት ምስጋና ስለማይፈልጉ ነው። ግን ዳቦ ከተበላ አለቀ። ወርክሺት አያልቅም፤ ይባዛል፣ ስህተቱም አብሮት ይባዛል። ስሙን ለክብር ብቻ የተጻፈ አድርጌ በማየቴ ነው የተሳሳትኩት። ስሙ ስህተቱ ወደ ሠሪው የሚመለስበት መንገድም ነበር።

የብራና መጻሕፍቶቻችን ይሄን ያውቁታል። ብዙ ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ ስሙን አስፍሮ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። መጽሐፉ እጅ ሲቀይር ደግሞ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው የተተካበት ብራና ጥቂት አይደለም። የፋቀው ሰው ንባቡን አልነካም፤ ዛሬም ይነበባል። ግን መጽሐፉ ከማን ቤት ወጥቶ ማን ዘንድ እንደደረሰ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚያች ጠባሳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የቅኔ ተማሪም ቢሆን «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ለወግ ብቻ አይመስለኝም፤ የያዘውን ከየት እንዳመጣው ለማወቅም ነው።

አሁን እንዲህ አስባለሁ፦ የሰው ሥራ በነፃ የተቀበለ ሰው ዋጋ ባይኖርበትም ዕዳ አለበት። ዕዳው ደግሞ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር። ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ እኔ ምን ቀየርኩ። ሠሪው ስሙን ካልፈለገ ይቅር፤ እሱ ይወስን። እኔ ልወስንለት አይገባም ነበር።

ያቺ ልጅ ማርኳ ተስተካክሎላታል፤ እህቴ ለመምህሩ ደውላ ነገረችው። እኔ የዚያን ወርክሺት አዘጋጅ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እህቴ ግን ወርክሺቱን እንደገና ስትልከው ከግርጌው እንዲህ ጽፋበታለች፦ «አዘጋጁን አላወቅነውም፤ ስሙ የጠፋው በእኛ እጅ ነው። የ7ኛው ጥያቄ መልስ 2 ኦም ተብሎ ተስተካክሏል። ሌላ ስህተት ካገኛችሁ ንገሩን።» ከሥሩ ስሟንና ስልኳን አስቀመጠች።

የኔን ስም ደግሞ እኔው ራሴ ጨመርኩት።