የመጽሐፍ ባለቤት ማን ነው?

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያሉ አባቶች ይናገራሉ። ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን ወራሽ ባለበት ሁሉ አውራሽ መኖሩ የታወቀ ነውና፥ ርስት የተረከበ ሰው ማን እንዳወረሰው ሊጠይቅ ይገባዋል። የእርሻ መሬት የወረሰ ሰው የአባቱንና የእናቱን ስም እየቈጠረ ወደ አቅኚው ይደርሳል። መጽሐፍ የወረሰ ማኅበር ግን ብዙ ጊዜ የጸሐፊውን ስም ብቻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የመጽሐፍ ባለቤት ማን ነው? ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ የጻፈው ነውን? ወይስ ቃሉን የተናገረው? ወይስ ገንዘቡን አውጥቶ ያጻፈው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በሴቶች ዘንድ ይልቁን ይከብዳል። በኢትዮጵያ የቁም ጽሕፈት ትምህርት እጅግ ረጅም ዘመን የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯልና። ሴቶች ግን ተናግረዋል፤ አስተምረዋል፤ አጽፈዋልም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ሴትን ለማሳነስ ይጠቅሰዋል። ስለ መጻሕፍት በተነገረ ጊዜ ግን ተረቱ ያላሰበውን ምስክርነት ይሰጣል፤ በወንድ እጅ ያለቀው ነገር በሴት ዕውቀት ተጀምሮ እንደ ነበረ ይገልጣልና።

ለዚህ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገድል ነው። ይህች ቅድስት በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረች የቡልጋ ሰው ስትሆን፥ ባልና ልጆች፥ ሀብትና አገልጋዮች የነበሯት ሴት ናት። አንድ ቀን በቍጣ ተነሥታ የሚነድ እሳት በአገልጋይዋ አፍ አግብታ እንደ ገደለቻት፥ ከዚያም ደንግጣ ወደ እግዚአብሔር በጮኸች ጊዜ አገልጋይዋ እንደ ተነሣችላት፥ ስለዚህም ቤቷን ትታ እንደ መነነች፥ በመጨረሻም በጣና ሐይቅ በጓንጉት እንደ ተጋደለች ገድሏ ይናገራል። የገድሉ ብዙ ክፍል እርሷ ራሷ ስትናገር የሚሰማበት ነው። ብዕሩን የያዘው መነኩሴ ነው፤ ቃሉ ግን የእርሷ ሆኖ ቀርቧል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ይቁም። ቅድስትን ለማመስገን የተነሣ ጸሐፊ የነፍስ ግዳይን ያህል በደል ከልቡ አንቅቶ በላይዋ ይጽፍባት ዘንድ የሚታሰብ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር በደፋር ልብ የሚናገር ንስሐ የገባ ሰው ራሱ ነው። ዳግመኛም በዚያው ገድል አንድ ድንቅ አሳብ ይገኛል። ቅድስቲቱ የሰው ልጅ ከመከራ ያርፍ ዘንድ እግዚአብሔር ዲያብሎስን ይምረው ብላ ትለምናለች፤ ከቅዱስ ሚካኤልም ጋር ወደ ሲኦል ትወርዳለች፤ ዲያብሎስ ግን ምሕረቱን ንቆ እርሷን ወደ ጥልቁ ይስባታል፤ መልአኩም ያድናታል፤ ብዙ ነፍሳትም ከእርሷ ጋር ይወጣሉ። ጥልን ከሥሩ ነቅሎ ለመጣል የሚሻ ይህ አሳብ፥ የተጣሉ ልጆቿን ሳታስታርቅ እንቅልፍ የማይወስዳት እናት አሳብ ይመስላል። ሊቃውንት ስለ ዲያብሎስ አወዳደቅ ብዙ ጽፈዋል፤ እርሱን ለማስታረቅ እስከ ሲኦል የሄደችው ግን በዚህ ገድል የምትናገረው ሴት ናት።

ሁለተኛው ምስክር የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ነው። እርሷ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1592 ዓ.ም. ተወልዳ በ1642 ዓ.ም. ዐረፈች። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ባልዋ መልክአ ክርስቶስ ከዐፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበረ። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በተቀበለ ጊዜ እርሷ የአባቶቿን ሃይማኖት ይዛ ከትዳርና ከሹመት ወጣች፤ ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስም ጋር በምንኵስና ኖረች። ወደ ንጉሡ አደባባይ ቀርባ ተመረመረች፤ የሮማው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስም ሊያሳምናት ደክሞ አልሆነለትም። በዚህም ምክንያት ወደ ምዕራቡ ቆላ፥ በሱዳን ወሰን በኩል ወዳለው ዠበይ ወደሚባል ሞቃት አገር ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቈየች።

ገድሏን የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ሲሆን፥ የጻፈበትም ዘመን እርሷ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 ዓ.ም. ነው። እርሱ ያየውን ሳይሆን ከማኅበሯ ሰዎች የሰማውን ሰብስቦ ነው የጻፈው። ከእነዚያም መካከል ከእርሷ ጋር የበሉና የጠጡ፥ የታመመችበትን አልጋ የጠበቁ መነኰሳይያት ነበሩ። ስለዚህ በገድሉ ውስጥ ተአምራት ብቻ አይነበብም፤ ሕመሟና ቍጣዋ፥ ከእኅቶቿ ጋር የነበራት የዕለት ኑሮ፥ ጀልባና ወጀብ፥ ረኃብና ወረርሽኝ ሁሉ ይነበባል። ይህን ሁሉ ለሠላሳ ዓመት በልባቸው ያኖሩት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የገላውዴዎስ ብዕር ምን ይጽፍ ነበር? እንግዲህ ጸሐፊው አንድ ሲሆን ደራስያኑ ብዙዎች ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

መጽሐፉም በፋንታው ማኅበሩን አጽንቷል። ቅድስቲቱ የመሠረተቻቸው ማኅበሮች ሰባት ናቸው፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው በግዞት ሳለች በዠበይ የተሰበሰበው ነው። ከእርሷም በኋላ እኅተ ክርስቶስ እመ ምኔት ሆና ማኅበሩን ጠበቀች። በጣና ዳር ያለችው ቆራጣ በስሟ ተከበረች፤ ለተማጸነ ሰውም መጠጊያ ሆነች። ንጉሥ ያሳደዳት አንዲት ሴት፥ ንጉሥ የሚያሳድደው ሰው የሚሸሸግባት ስፍራ ባለ ስም ሆነች ማለት ነው። የቃል ኀይል ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ይህ ነገር በምዕራቡ ቆላ ለሚኖር ክርስቲያን የሩቅ ታሪክ ሊሆን አይገባውም። ዛሬ በምዕራብ አርማጭሆ በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለችው አብደራፊ ሰሊጥና ማሽላ፥ ጥጥም የሚመረትባት የቆላ ከተማ ናት። በአረምና በመከር ጊዜ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርድባታል። የወረደውም ሰው ደብሩንና የንስሐ አባቱን፥ ዘመዱንና ማኅበሩን ከኋላው ትቶ ነው። ሐሩሩ ጽኑ ነው፤ ወባና ካላዛርም ያስፈራሉ። እንዲህ ባለ አገር ሃይማኖት በሕንፃ ብቻ አይጠበቅም፤ ሰው በኪሱ በያዛት ትንሽ ውዳሴ ማርያም፥ ማታ ከሥራ ሲመለስ በሚሰማው ቃል፥ በታመመም ጊዜ በሚጠይቀው ሰው ይጠበቃል እንጂ። ለሠራተኛው እንጀራ የምትጋግር፥ በባዕድ አገር የሞተውን አልቅሳ የምታስቀብር፥ የቅዱሳንን ታሪክ ለልጆች የምትነግር ሴት በዚያ የምታደርገው ነገር፥ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዠበይ ካደረገችው ጋር በመጠን ይለያል፤ በጠባዩ ግን አይለይም። ልዩነቱ የአንዲቱ ተጽፎ የሌላይቱ አለመጻፉ ነው።

ከተናጋሪዎቹ ቀጥሎ አስጻፊዎቹ ይመጣሉ። በ1522 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት ንግሥት እሌኒ ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍት እንደ ደረሱ በጥንት የአውሮፓ ጸሐፊዎች ዘንድ ተነግሯል። እቴጌ ምንትዋብም የዚሁ የምዕራቡ አገር የቋራ ተወላጅ ነበሩ፤ በ1730 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ጋር ነግሠዋል፤ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን በጎንደር፥ ናርጋ ሥላሴንም በጣና ደሴት አሠርተዋል፤ መጻሕፍትንም አጽፈዋል። ስማቸው ያልገነነ ሴቶችም እንዲሁ አድርገዋል። በብዙ ብራና ላይ በጸሎቱ መካከል ወለተ ማርያም፥ ወለተ ሚካኤል የሚል የባለቤት ስም ገብቶ ይገኛል። አንድ ዳዊት ለማጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወር የጸሐፊ ደመወዝ ያስፈልግ ነበርና፥ ያን ያወጣችው ሴት ከመጽሐፉ ክፍል የላትም ማለት ግፍ ነው። በ1888 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ የእቴጌዪቱ ቍስቋምም ተቃጠለች። ድንጋይና እንጨት እንዲህ ይጠፋል፤ በየደብሩ ተገልብጦ የተቀመጠ መጽሐፍ ግን አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

አሁን የሚቃወም ሰው ሁለት ነገር ያነሣ ይሆናል። የመጀመሪያው፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ሴት በማኅበር መካከል ዝም ትበል፥ አታስተምርም ብሎ አዝዟል የሚል ነው። ትእዛዙ መኖሩን የሚክድ የለም። ነገር ግን ያ ቃል የተጻፈለት ጢሞቴዎስ ማን እንዳስተማረው ያው ሐዋርያ በሁለተኛው መልእክቱ ይመሰክራል፤ የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ዘንድ የነበረ ነው። ዳግመኛም አጵሎስን የመሰለ አንደበተ ርቱዕ ሰው የጌታን መንገድ አጥርቶ የተረዳው ከአቂላና ከጵርስቅላ እንደ ሆነ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። እንግዲህ ሐዋርያው የጉባኤውን ሥርዓት ቢወስንም የሴቲቱን ዕውቀት አላጠፋም። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበረ። ታላቁ ሊቅ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍ መምህሩ አድርጎ ያቀረባት እኅቱን መቅሪናን ነው። መምህርነቷን ባለመሸሸጉ ሊቅነቱ አልጐደለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ብርቱ ነው። ይኸውም መነኰሳትና ደራስያን ስማቸውን የሚሰውሩት ውዳሴ ከንቱን ፈርተው ነው፤ እግዚአብሔር የሚያውቀውን ስም ሰው ባያውቀው ምን ይጐዳል? የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የትሕትናን ክብር ያውቃል፤ ሁለት ነገሮችን ግን አንድ ያደርጋል። ሰው የራሱን ስም ቢሰውር ትሕትና ነው፤ የሌላውን ስም ቢሰውር ግን ዕዳ ነው። ምጽዋቱን የሚደብቅ ሰው ይመሰገናል፤ ሌላው የመጸወተውን የደበቀ ሰው ግን ምን ተብሎ ይመሰገናል? ስለዚህ ሴቲቱ ስሜን አትጻፉ ብትል የእርሷ ጽድቅ ነው፤ ከእርሷ የሰማ ሰው ከማን እንደ ሰማ ዝም ቢል ግን የእርሷን ጽድቅ ለራሱ ስንፍና መሸፈኛ ማድረጉ ነው።

ይህ ዕዳ የጥንት ብቻ አይደለም። በ1899 ዓ.ም. በታተመው በኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው፤ ድካሙም ታላቅ ነው። ከእርሱ ጋር ግን ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ነበሩ። እኚህ ሴት በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከብ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ካወጣቸው ሰዎች አንዷ ሲሆኑ፥ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ብዙ ሺህ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰቡ፤ ተረቱንና ዘፈኑን ጻፉ፤ ለትርጕሙም ቃል አቀበሉ። ከባርነት የወጣች ልጅ ለወገኖቿ የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ቋንቋቸው ያነቡ ዘንድ ቃል ለቅማ ሰጠች ማለት ከማንኛውም ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ስሟ ባልተነሣበት ስፍራ ግን ይህ ትምህርት ይጠፋል።

ደግሞ ስምን መጻፍ ለምስጋና ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ለምርመራም ያስፈልጋል። ባለቤቱ ያልታወቀ ቃል ቢጣመም የሚያቀናው፥ ቢጠየቅም የሚመልስለት የለውም። በዘመናችን ሴቶች በስማቸው መንፈሳውያን መጻሕፍት ጽፈው ያሳትማሉ፤ ሕዝቡም ያነብባል። የእነዚህ መጻሕፍት ትክክለኛ ዳኝነት፥ ሴት ጻፈችው ብሎ መናቅም፥ ሴት ጻፈችው ብሎ ያለ ምርመራ ማለፍም አይደለም። እንደ ወንድሞቿ መጽሐፍ በሃይማኖትና በእውነት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። መመዘን ራሱ ክብር ነውና፤ የማይመዝኑት ነገር ዋጋ የሌለው ወይም የሚፈሩት ነገር ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፥ መጽሐፍ እንደ መሬት ርስት ነው፤ ያቀናውም፥ ያረሰውም፥ ያጠረውም ድርሻ አለው የሚል ነው። ተናጋሪውም ጸሐፊውም አስጻፊውም ባለቤቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ጨምሮ ቢወስድ ግን እግዚአብሔር የድሀ አደጎች ፈራጅ መሆኑን ይወቅ። ካህናት በየደብሩ የቆዩትን ብራናዎች በገለጡ ጊዜ በኅዳጉ ያለውን የሴት ስም አንብበው ለሕዝቡ ይንገሩ። የሰንበት ተማሪዎችን የሚያስተምሩ ሴቶች ልጆችን ከዜማው ጋር ጽሕፈትንም ያስተምሯቸው። በቆላም ሆነ በደጋ አንዲት እናት የምታውቀውን ስትናገር ተቀምጦ የሚጽፍ ዲያቆን የተገኘ እንደ ሆነ፥ በመጽሐፉ መጨረሻ የራሱን ስም ከማስፈሩ አስቀድሞ የእርሷን ይጻፍ።