በልጅ ሕይወት እምነት አይፈተንም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጂዛን፣ በሰብያ፣ በአቡ አሪሽና በሳምታ ያላችሁ የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፦

ልጃቸው «ዓይነት አንድ ስኳር አለበት» የተባሉ ወላጆች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «አባታችን፣ ካመንን መርፌውን ትተን በጸበል ብቻ ብንይዘው አይሻልም?»

ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። ልጅን በገዛ እጅ በየቀኑ ደጋግሞ መውጋት ለወላጅ አንጀት ከባድ ነው። ነገር ግን ሕመሙን እንወቀው። የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ቆሽቱን ስላጠቃ ኢንሱሊን አያመነጭም። ጣፋጭ ስለ በላ አይደለም። የእናንተ ኃጢአትም አይደለም፤ ስለ ዕውሩ «ማን በድሎ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጌታ የመለሰውን አስቡ።

ቀድሞ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። በ1914 ዓ.ም. ጥር ወር ግን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። ለሐኪም ጥበብን የሰጠው ማን ነው? ጸበሉን የባረከው እግዚአብሔር አይደለምን?

«ሰማዕታትስ?» ትሉ ይሆናል። ሰማዕታት የሰጡት የራሳቸውን ነፍስ ነው። ቅድስት ኢየሉጣ እንኳ ሕፃኑን ቂርቆስን ይዛ ከአሳዳጆች ሸሽታ ነበር፤ ልጇን ወደ እሳት ልትወረውር አልተነሣችም። ጌታም ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እምቢ አለ። እርሱ የራሱን ሥጋ ካልወረወረ፣ እኛ የልጃችንን በምን ሥልጣን እንወረውራለን? ልጅ አደራ ነው፤ በአደራ ገንዘብ ደግሞ ስእለት አይገባም።

ስለዚህ ጸበሉን አጠጡት፣ ጸልዩለት፤ መርፌውን ግን አታቋርጡ። ኢንሱሊን ከተቋረጠ ልጁ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ካስመለሰው፣ ትንፋሹም ፈጣንና ጥልቅ ከሆነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ኢቃማ የሌላችሁን ፍርሃታችሁን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የታሰረ ይፈታል፣ የሞተ ልጅ ግን አይመለስም።

ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ «ጾም ነው» ሳትሉ ቶሎ ጭማቂ ወይም ስኳር ስጡት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የጂዛን ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሻል፤ ያልተከፈተውን ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፣ በረዶ ግን አይያዘው፤ መኪና ውስጥም አትተዉት።

ሌሊት ተነሥታችሁ ስኳሩን ስትለኩ ያ ሰዓት ከጸሎት የተሰረቀ አይምሰላችሁ። አደራን መጠበቅም ጸሎት ነው።

ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።