«ነገ ይምጡ» የተባሉት እናት



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም። ስለ ወረፋ፣ ስለ ማህተም እና ስለ ደብዳቤ ነው። «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የምትል ከሆነ እስከ መጨረሻው ታገሰኝ።

በቅርቡ እዚሁ ሀዋሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ባንክ በር ላይ የማውቃቸውን እናት አገኘሁ። ፀሐዩን ሸሽተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው፣ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ለእርሳቸውና ለሁለት ልጆቻቸው በየወሩ የምትገባ የተተኪ ጡረታ አለች። ብዙ አይደለችም፤ ግን የቤት ኪራይና የጤፍ ናት። ያቺ ብር ከቆመች ሦስተኛ ወሯ ነበር።

«ለምን ቆመ አሏችሁ?» አልኳቸው።

«ስምሽ አልገጠመም አሉኝ።»

የእርሳቸውን ስም ልተወውና በምሳሌ ላስረዳችሁ። ጥንት የተከፈተ ፋይል ላይ «ፋጡማ» ተብሎ ተጽፏል። አዲሱ መታወቂያ ላይ «ፋጢማ» ሆኗል። የልጁ የልደት ካርድ ላይ አባትየው «መሐመድ»፣ ፋይሉ ላይ ደግሞ «ሙሐመድ» ናቸው። እኛ ሙስሊሞች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ አንዱን ስም አምስት ዓይነት አድርገን እንጽፈዋለን። ለሰው ጆሮ ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው።

ለማስተካከል ባለቤታቸው ይሠሩበት ከነበረው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይምጣ ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ግን ሀዋሳ የለም። እንደምታውቁት የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ከተማችን ነበረች። ሲዳማ በ2012 ራሱን ችሎ ክልል ሆነ፤ በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ቢሮዎች ሄዱ፤ ፋይሎችም ተከትለው ሄዱ። አንዱ «ወላይታ ሶዶ ይጠይቁ» ይላቸዋል፤ ሌላው «ሆሳዕና ሳይሆን አይቀርም» ይላቸዋል። ለሶዶ መሳፈሪያ የሚሆነው ብር ደግሞ ያው የቆመው ብር ነው።

በዚህ ላይ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ይምጡ» አለ። እናታችን ያሉኝን አልረሳውም፦ «አይሆንም ቢሉኝ እኮ ቁርጤን አውቄ እቀመጥ ነበር። ሁሉም ነገ ነው የሚሉኝ።»

እኔስ ምን አልኩ? እኔ ዩኒቨርሲቲም መድረሳም የተማርኩት፣ እናንተ ኡስታዝ የምትሉኝ ሰው፣ «እናቴ፣ ሰብር ያድርጉ፣ አላህ ከታጋሾች ጋር ነው» አልኳቸውና ወደ ጉዳዬ ልሄድ ዞርኩ።

ቀስ ብለው መለሱልኝ፦ «ልጄ፣ ሰብሩንስ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት ደብዳቤውን ነው።»

ወላሂ አፈርኩ። ለሰው የዲን ቃል ሰጥቼ ጉልበቴን ነፍጌ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመጀመሪያ ለራሴ ነው።

ይህ ገንዘብ የማን ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ወጣቶች የጡረታ አበልን መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠው እርዳታ አድርገው ያስባሉ። አይደለም። በሥራ ላይ ባለው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት 11 በመቶ ይጨምራል። ሠራተኛው ሲሞት ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይታሰብለታል። በግል ድርጅት ለሚሠሩትም ተመሳሳይ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1268/2014።

ስለዚህ ያ አባት በሕይወት ሳለ ከእያንዳንዱ ደመወዙ ላይ እየቀነሰ ያስቀመጠው አማና ነው። ልጆቹ የቲም ሆነዋል፤ ገንዘቡም የየቲም ገንዘብ ነው። አላህ በሱረቱ-ን-ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች ሆዳቸው ውስጥ እሳት እየከተቱ መሆኑን ነግሮናል። በዚያው ሱራ አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ አዞናል። በሱረቱ-ድ-ዱሓም የቲምን እንዳንጨቁን፣ ጠያቂን እንዳንገላምጥ አስተምሮናል።

«እኔ አልበላሁትም፣ አዘገየሁት እንጂ» የሚል ካለ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ ራሱ ዙልም መሆኑን መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ መካድ አላሉም፣ ማጓተት ነው ያሉት። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጠው ተብሎ የታዘዘበት ዲን ውስጥ፣ ሠራተኛው አፈር ከለበሰ በኋላ ልጆቹ ሐቃቸውን ለማግኘት ወራት ሊንከራተቱ አይገባም።

ዑመርና ያልተኛው ሕፃን

አሁን ወደ መዲና ልውሰዳችሁ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዲዋንን፣ ማለትም የሰዎች ስምና የድርሻቸው መጠን የሚጻፍበትን መዝገብ ያቋቋሙ ኸሊፋ ናቸው። ቤተሰቦች ከበይተል ማል ቋሚ ድርሻ ነበራቸው። ለልጅ የሚከፈለው ግን ጡት ከጣለ በኋላ ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነው።

አንድ ሌሊት ነጋዴዎች መዲና መጥተው ሰፈሩ። ዑመርና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) እየሰገዱ ሊጠብቋቸው አብረው አደሩ። ዑመር የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ወደ እናቲቱ ሄደው ልጅሽን አባብዪው አሏት። ተመለሱ። ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ፤ እንደገና ሄዱ። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ሲያለቅስ ምን ዓይነት እናት ነሽ ብለው ተቆጧት። እርሷ ማንነታቸውን አላወቀችም። ሌሊቱን ሙሉ አስቸገርከኝ፣ ጡት ላስጥለው እየታገልኩ ነው አለቻቸው። ለምን ሲሏት፣ ዑመር ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነው የሚሰጠው አለች። ዕድሜውን ጠየቁ፤ ገና የወራት ልጅ ነበር።

የዚያን ዕለት ፈጅር ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው ብዛት ሰዎች ቂርኣታቸውን መለየት አቃታቸው። ሰላም ብለው ሲጨርሱ የሙስሊም ልጆችን ስንቱን ጎድቻለሁ እያሉ ራሳቸውን ወቀሱ። ወዲያው አዋጅ አስነገሩ፤ ልጅን ያለጊዜው ጡት ማስጣል ይቅር፣ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ድርሻ ይኖረዋል። ይህንኑ ለየአገሩ ጻፉ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ፒያሳ ላይ ከዚያች እናት ጋር ስቆም ግን አዲስ ሆነብኝ። ዑመር ሌባ አልነበሩም። ደንቡም ክፉ ታስቦ አልወጣም። ግን በወረቀት ላይ ልክ የሚመስል ደንብ አንዲት ድንኳን ውስጥ ሕፃን እያስለቀሰ ነበር። የዑመር ትልቅነት ልቅሶውን ሰምተው «ደንቡ ነው» አለማለታቸው ነው። ሄደው ጠየቁ፣ ምክንያቱን ሰሙ፣ በማግስቱ አስተካከሉ። «ነገ ነይ» አላሏትም።

ጠረጴዛው ጀርባ ለተቀመጥከው ወንድሜ

ከዚህ ገጽ ተከታዮች መካከል በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። አውቃለሁ፤ ሲስተሙን አንተ አልሠራኸውም። ክልሉን አንተ አልከፈልከውም። ጥንቃቄውም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በሞተ ሰው ስም ጡረታ የሚቀበል ስላለ ነው በሕይወት ስለመኖር ማረጋገጫ የሚጠየቀው። ይህንንም እኛው ነን ያመጣነው። አባቱ ሞቶ ሳያስታውቅ በአባቱ ደብተር የሚያወጣ ሰው የሚበላው ሐራም ነው፤ ያጠበቀው ወንፊትም የሌላውን የቲም ያንቃል።

ግን በእጅህ ያለ ነገር አለ። የሚያስፈልገውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ መስጠት ትችላለህ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሳምንቱ እየነገርክ አታመላልስ። ቀና ብለህ ማየት ትችላለህ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰዎችን ጉዳይ ተሹሞ በሩን የዘጋባቸውን ሰው አላህም በችግሩ ጊዜ እንደሚዘጋበት አስጠንቅቀዋል። ሙዓዝን (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲልኩም የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ፣ በእርሱና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለ ነግረውታል። አንተ ዘንድ ለመግባት ወረፋ አለ። እዚያ ግን ወረፋ የለም።

በር ላይ ለቆምከው፣ ለቆምሽው

ሰብር ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ግመሉን ሳያስር ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው የተሰጠው መልስ እሰረውና ተመካ ነው። ከቁርኣን ሁሉ ረጅሟ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ፣ ስለምን እንደምታወራ ታውቃለህ? ዕዳን በጽሑፍ ስለመያዝ፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ መጻፍ አትሰልቹ ትለናለች። ወረቀት መያዝ ዲን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የሁሉንም ሰነድ ኮፒ ያዝ፤ ዋናውን አትስጥ። ጥያቄህን በማመልከቻ ጽፈህ መዝገብ ቤት አስገባ፤ በራስህ ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ማህተም አስመታ። የሄድክበትን ቀንና የተባልከውን መዝግብ። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ካለ አንብበው፤ ለየአገልግሎቱ የተቀመጠ ጊዜ አለው። ካለፈ ወደ ቅሬታ ሰሚ ሂድ። የጡረታ ውሳኔ ተሰጥቶ ካልተስማማህ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፤ የይግባኝ ጊዜው እንዳያልፍብህ መጀመሪያውኑ ጠይቅ። የአስተዳደር በደል ሲደርስብህ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ይህን ስታደርግ ምላስህን ጠብቅ። ሠራተኛዋን መስደብ ፋይል አያመጣም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። እናታችንን አንድ ጉዳይ ገዳይ «ሁለት ሺህ ብር ካለ በሁለት ቀን ያልቃል» ብሏቸው ነበር። ይቻላል ወይ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም ረግመዋል። ብዙ ዑለሞች ሐቁን በሌላ በምንም መንገድ ማግኘት ያልቻለ ተበዳይ ተገዶ ቢሰጥ ኃጢአቱ በተቀባዩ ላይ ነው ብለዋል። ግን ይህ በሮች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ያለ ቀዳዳ ነው፤ እኛ መጀመሪያ የምናንኳኳው በር አደረግነው። የሌላውን ተራ ለመቅደም ከሆነማ ከነጭራሹ ሐራም ነው፤ የምትቀድማት ሴት የሌላ የቲም እናት ትሆናለችና። አንተ ዛሬ የከፈልከው ሁለት ሺህ ነገ ለሌላዋ መነሻ ዋጋ ይሆናል።

ለአንቺ፣ ለአንተ፣ ስልክ በእጃችሁ ላለ

ሰኞ ጠዋት ከእናታችን ጋር ሄድኩ። አብሮኝ አንድ የመድረሳ ተማሪዬ ነበር። ማመልከቻውን ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈው፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። አሳትመን አስገባን፤ ቁጥር ወጣለት። ፋይሉ የት ከተማ እንዳለም በስልክ አጣርተን ደረስንበት። ብሩ እስከ ዛሬ አልገባም፤ አልዋሻችሁም። ግን እናታችን አሁን የሚይዙት ቁጥር ያለው ወረቀት አለ፤ ብቻቸውንም አይሄዱም። ወር ሙሉ ያንከራተታቸው ነገር ለአንድ ወጣት የአንድ ሻይ ጊዜ ነበር።

ባል የሞተባትንና ድሃን ለመርዳት የሚሯሯጥ ሰው በአላህ መንገድ እንደሚታገል ሰው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አስቡት፤ ባጃጅ ተሳፍሮ ከአንዲት እናት ጋር ወረፋ መያዝ ያን ያህል ይመዝናል! በየሰፈራችሁ፣ አረብ ሰፈርም ይሁን አቶቴ፣ ፌስታል ይዛ የምትመላለስ አንዲት እናት አትጠፋም። በዚህ ሳምንት አንዷን ብቻ ፈልጉ። «ሰብር ያድርጉ» ከማለታችሁ በፊት «ደብዳቤው የት ደረሰ?» በሉ። እስኪከፈላቸው ድረስም ጤፉን አስቡበት።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት በዱዓ አትርሷት።

አላህ ሆይ! ሐቃቸው የተጓተተባቸውን ሁሉ በቸርነትህ አቃናላቸው። የየቲሞችን ሲሳይ ከእጃችን ጥፋት ጠብቅ። የሰው ጉዳይ በእጃችን ሲገባ «ነገ» ከማለት አድነን፤ እኛም ነገ አንተ ፊት ስንቆም በርህን አትዝጋብን። አሚን።