ቤቱ የማን ነው?

የድሮ መንዜ ቤቱን በጓሳ ሣር ከድኖ ሲጨርስ “ይህ ቤት የማን ነው?” ብትሉት፣ “የእኔ ነዋ!” ይላችኋል። “ሣሩስ?” ብትሉት ግን ትንሽ ያስበዋል። ሣሩ የጋራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በደንብ የሚጠበቅ ሀብት ነበር። የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑት ባለመብቶች “ቄሮ” ይባል በነበረው ሥርዓት (ቃሉ ዛሬ ሌላ ትርጉም ይዟል) ሹም መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል። ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፤ ያኔ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከቀኑ ቀድሞ ያጨደ ይቀጣል። መብቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ እንጂ ገበያ የሚወጣ አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ የአካባቢው ሰው በሌላ መልክ መጠበቁን አልተወም።

ጓሳን ያነሳሁት ስለ ሣር ለማውራት አይደለም። ዛሬ በየቤቱ ገብቶ ባልና ሚስት እያነጋገረ ስላለ ጉዳይ፣ በባንክ ብድር ቤት ስለመግዛት ነው። የማይሸጥ መብት ለዕዳ መያዣ አይሆንም። የሚሸጥ ግን ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ጥያቄ ይመስለኛል።

አባቶቻችን ብድር አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። በደንብ ያውቁ ነበር። ርስት አይሸጥም፤ ችግር ሲመጣ ግን “ወለድ አገድ” የሚባል ዘዴ ነበር። አበዳሪው መሬቱን ተረክቦ ያርሳል፤ ምርቱ ለወለድ ይታሰባል፤ ዋናው ገንዘብ የተመለሰ ዕለት መሬቱ ለባለርስቱ ይመለሳል። ይህ ልማድ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ሳይቀር በስሙ ቦታ አግኝቷል። የወለድ አገድን ደግነት ብቻ አንስቶ ጭካኔውን መተው ግን ተገቢ አይደለም። ዋናውን መክፈል ያቃተው ገበሬ ዓመት እስከ ዓመት የራሱን መሬት ሌላ ሰው ሲያርሰው ዳር ቆሞ ያያል። ርስቱ አልጠፋም፤ እሱ ግን ተርቧል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በላዩ የሠራኸው ቤት ግን የአንተ ነው፤ ትሸጠዋለህ፣ ታስይዘዋለህ። በሊዝ የተያዘ የከተማ ቦታም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በተከፈለው የሊዝ መጠን ለመያዣ ይቀርባል። ገጠሩም ቢሆን አልቀረለትም፤ የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. ባወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም እንዲያስይዝ ፈቅዷል። አዲስ አበባ ውስጥ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደ ጎህ ቤቶች ያለ ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመ የግል ባንክ፣ “ሞርጌጅ” የሚለውን ቃል ከባንክ ቤት አውጥተው ቡና ላይ የሚወራ አድርገውታል።

እንግዲህ በብድር የተገዛ ቤት የማን ነው? ካርታው ላይ ያለው የገዢው ስም ነው። ካርታው ግን ባንኩ ዘንድ ይቀመጣል። መያዣው በጽሑፍ ተደርጎ፣ የዕዳው መጠን ተገልጾበት፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ አይጸናም፤ ከገባ ደግሞ ቤቱን እየተከተለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቤት የሚገዛ ሰው “ከዕዳና እገዳ ነጻ” የሚለውን ማስረጃ ሳያይ ቀብድ መክፈል የሌለበት። ሻጩ ጨዋ ነው፣ የአገር ልጅ ነው፣ ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3060 ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል ቤቱን ይያዝ ወይም ይሽጥ የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል፤ መያዣው ከተሰጠ በኋላ የተደረገ ስምምነት ቢሆን እንኳ። ሕግ አውጪው የተቸገረ ሰው የማይፈርመው ነገር እንደሌለ የገባው ይመስላል። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 97 መጣና ይህን ለባንኮች ከፈተላቸው፦ ተበዳሪው በውሉ ከተስማማ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣው ማሻሻያ ደግሞ በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ከጠፋ ባንኩ ራሱ ሊረከበው እንደሚችል ጨመረ። ሽያጩ ዕዳውን ሸፍኖ ከተረፈ ትርፉ የባለቤቱ ነው። ካልሸፈነ ግን ቤቱ ሄዶም ዕዳው ይቀራል።

ልብ በሉ፤ ባንኩ ይህን ሥልጣን የሚያገኘው በውሉ በኩል ነው። ዳኛውን ከመንገዱ ገለል የሚያደርገው የተበዳሪው ፊርማ ነው። ታዲያ ያ ፊርማ ምን ያህል ፊርማ ነው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ “እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‘እኔ’ የሚለው ማን ነው?” በብድር ውል ላይ ይህ ጥያቄ ከልብ ወለድ ይልቅ ይከብዳል። “እኔ ተበዳሪው ያለ ምንም ቅሬታ ተስማምቻለሁ” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተበዳሪው አልጻፈውም። አበዳሪው በተበዳሪው አፍ ጽፎ አዘጋጅቶታል። ብዙው ሰው የሚያነበው ሁለት ነገር ነው፤ የወር ክፍያውንና የሚፈርምበትን መስመር። ቁልፉ እጁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ስለ ሐራጅ ማን ያስባል?

የተበዳሪዋ ወይም የተበዳሪው የትዳር ጓደኛ ነገር ደግሞ አለ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ ሁለቱም መስማማት አለባቸው ይላል። አንደኛው ብቻውን ካደረገው፣ ሌላኛው ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። መልካም ሕግ ነው። ግን እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። ባሏ “ነይ ፈርሚ፣ ለሥራ ነው” ይላታል። ትመጣለች፤ ትፈርማለች፤ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ሕጉ ተሟልቷል። ስምምነት ግን ነበር ወይ? ነገ ማስጠንቀቂያው በሯ ላይ ሲለጠፍ ለእሷ ዕዳ ከሜዳ ነው፤ ለፋይሉ ግን የራሷ ፊርማ ነው።

እዚህ ላይ የባንኩ ሰው የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነትም አለው። የሚያበድረው የራሱን ገንዘብ አይደለም። ከጡረታዋ ቆጥባ ያስቀመጠች እናት ገንዘብ ነው። ዕዳ ባልተከፈለ ቁጥር አሥር ዓመት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ከሆነ፣ ቤት የሌለውን ሰው የሚያምን አበዳሪ አይኖርም። የማይሸጠው ርስት ባለቤቱን ጠብቆታል፤ ግን በርስት ላይ አበድሮ ለወጣቱ ቤት የሚሠራለት አልነበረም። ስለዚህ ሐራጅ ሁሉ ግፍ ነው አልልም። ቃሉን አውቆ የሰጠ ሰው በቃሉ ሊያዝ ይገባል።

የምለው ይህን ነው፦ ዳኛውን በፊርማ የምንተካ ከሆነ፣ ፊርማው የዳኛን ያህል ክብደት ሊኖረው ይገባል። ሳይገባው የፈረመ ሰው በሕግ ይገደዳል፤ እንዳልገባው እያወቀ ያስፈረመው ግን በሕሊና ነጻ አይደለም። “አዋቂ ሰው ነው፣ ያንብብ” ማለት ይቀላል፤ አቅሙ እኩል ላልሆነ ሰው ሲባል ግን ቀልድ ይሆናል። ባንኩ ጠበቃ አለው፤ ተበዳሪው ያለው ጉጉት ነው።

መፍትሔው ተራራ መግፋት አይደለም። ያቺን የሐራጅ አንቀጽ ከመፈረሙ በፊት በቀላል አማርኛ ጮክ ብሎ ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ውሉን አንድ ሌሊት ቤት ወስዶ ማደር፣ ሚስትን ወይም ባልን ለብቻ “ገብቶሻል? ገብቶሃል?” ብሎ መጠየቅ፣ ክፍያ ሲያቅት ቤቱ ከነዕዳው ምን እንደሚሆን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ተበዳሪውም ግዴታ አለበት። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት፣ እሱ ቢሞት ከውርሳቸው ላይ ዕዳውን የሚከፍሉት ልጆቹ ሳይሰሙ ማስያዝ፣ ሕጉ ቢፈቅድለትም፣ የብቻው ባልሆነ ነገር ላይ ብቻውን መማል ነው።

የጓሳ ባለመብት ድርሻዬ ነው ሲል እጠብቀዋለሁ ማለቱም ነበር፤ መዝጊያውንም መክፈቻውንም ቀን የማያውቅ ባለመብት አልነበረም። ዛሬ ካርታ ይዘን “የእኔ” ስንል፣ የሚወሰድበትን ቀን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አያውቀውም። የቤቱ ሰው ሁሉ ያ ቀን መቼና በምን ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል ሳያውቅ የተፈረመ ውል፣ ለእኔ ገና አላለቀም።